ድምፅ አልተገኘም

በ2103 ዓ.ም. ነሐሴ ሲገባ ይመር አራጋው ብቻውን ከቤቱ ከወጣ አሥር ወር ሞልቶት ነበር። የታሰረ ሰው አልነበረም። ቤቱ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከወንዙ ማዶ ከተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል ነው፤ ፀሐይ በደንብ ይገባዋል። በጥቅምት ወር ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶበት ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዳነ። ድምፁ ግን ከዕጢው ጋር ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ከአፉ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። በር ደግሞ የሚያውቀው ድምፅን ነው።

ቁልፍ የሚባለው ነገር የቀረው ይመር ልጅ ሳለ ነው። ሰው በሩ ፊት ቆሞ ስሙን ይናገራል፤ በሩ ይከፈታል። ሲገባም ሲወጣም እንደዚያው ነው። ድምፁ ያልታወቀ ሰው እንግዳ ይባላል። እንግዳ ያለ አስተናጋጅ አይወጣም፤ አስተናጋጁም ቢሆን ከሁለት ሰዓት በላይ ሊያቆየው፣ ከከተማው ክልል ሊያሻግረው አይችልም። ይመር ከሐኪም ቤት ተመልሶ ወደ ቤቱ በገባበት ቀን ለገዛ በሩ እንግዳ ሆነ።

በሩ ላይ ድምፃቸው የተመዘገበ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሰመራ የምትኖረው ልጁ ዘምዘም ናት። ሌላው ከጎኑ ያለው ጎረቤቱ ሙሄ ነው፤ ዓርብ ዓርብ መጥቶ «እንግዳዬ ነው» ይልና ለጁምዓ ሶላት ይወስደዋል። ሶላቱ አልቆ ሰው መስጊዱ በር ላይ ቆሞ ሲጫወት ሙሄ ሰዓቱን እያየ ክርኑን ይነካዋል። ከሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ ካለፈች በሚቀጥለው ዓርብ አይፈቀድላቸውም።

በሮቹን፣ ሊፍቶቹን፣ የውሃ መስመሩን፣ የጤና ጣቢያ ሳጥኖችን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ባለቤት የለውም። የሁሉም ነው፤ ሰውም «የጋራው» ይለዋል። አለቃም፣ የሚከሰስ ሰውም የለበትም። ጉድለት ያየ ሰው ይጽፈዋል፤ ነገሩ ያሳሰበው ሌላ ሰው እጁን ያነሳለታል። በየሦስት ወሩ ብዙ እጅ የተነሣላቸው አሥር ጉድለቶች ለጥገና ይቆረጣሉ። ጠጋኞች የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ያስተካክሏቸዋል። አሥራ አንደኛው ይጠብቃል። ይመር ራሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁን ሲያነሳ ኖሯል፤ አሠራሩ ፍትሐዊ መሆኑን አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሮ አያውቅም ነበር።

የራሱን ጉድለት በኅዳር መጀመሪያ ጻፈ፦ «ከጉሮሮ ሕክምና በኋላ በሹክሹክታ የሚናገሩ ሰዎችን በር አያውቃቸውም።» እስከ የካቲት ድረስ ሠላሳ አንድ እጅ ተነሣለት። አብዛኛው ከሕንፃው ሰዎችና ከድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ነው። በዚያው ወር አንደኛ የወጣው ጉድለት «የሊፍት መስታወት ሰውን አወፍሮ ያሳያል» የሚል ነበር። ሁለት መቶ ሺህ እጅ አገኘ፤ ተስተካከለ።

«አባ፣ ሰው ላልሰማው ነገር እጁን አያነሳም» አለችው ዘምዘም። «አውራላቸው።»

«ምን አወራላቸዋለሁ? በዚህ ድምፅ?»

«የመጣልህን። ስለ ፋብሪካው አውራ።»

ይመር ሠላሳ አንድ ዓመት በክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠባቂ ነበር። በየጠዋቱ ለአሥር ደቂቃ «የጋራው» ላይ ባለው የወሬ አደባባይ ስለ ክር ያወራ ጀመር፤ ጥጥ እንዴት እንደሚበጠር፣ ሊበጠስ ያለ ክር ከመበጠሱ በፊት እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ማሽኑ ሲሞቅ ምን ምን እንደሚሸት። በሁለተኛው ወር ሰዎች አንድ ነገር አገኙበት። የይመር ሹክሹክታ ያስተኛል። ሕፃን የሚያባብሉ እናቶች ከፈቱት፤ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ከፈቱት። የእጁም ቁጥር አብሮ ወጣ። በሰኔ ሃያ ሺህ ደረሰ። ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሆኖ አሥረኛ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ አንድ ሰው «እባካችሁ እጅ አታንሱለት፤ ከወጣ ማን ያወራልናል?» ብሎ ጽፎ ነበር። ዘምዘም አንብባ ሳቀች። ይመር አልሳቀም።

ቆረጣው ነሐሴ አሥራ አምስት ነው። የተስተካከለው ሁሉ ጳጉሜ አንድ ቀን ሥራ ይጀምራል። የዘምዘም ኒካህ ደግሞ መስከረም አሥራ አምስት፣ ሰመራ ላይ ነበር። አንድ ልጁ ናት። ይመር ቀኖቹን ደጋግሞ አሰላቸው፤ ደርሶ፣ ልጁን በእጁ ድሮ፣ ሁለት ቀን ከርሞ ይመለሳል።

ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ቀትር ላይ፣ የበሩ መስኮት ተንኳኳ። ዕቃ የሚቀበልባት፣ ሁለት ስንዝር የምትሆን መስኮት ናት፤ ያለ ድምፅ የምትከፈተው እሷ ብቻ ናት። ይመር ከፈታት። አንዲት አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጋሽ ይመር ነዎት?»

«ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ላስገባሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ድምፅዎን በየጠዋቱ እሰማለሁ። የሻረግ እባላለሁ። ከሐይቅ ነው የመጣሁት። አሥራ አንደኛዋ ነኝ።»

ይመር አሥራ አንደኛውን በቁጥር ነበር የሚያውቀው። በየጠዋቱ ከራሱ ቁጥር ቀጥሎ የሚያየው እሱን ነው፤ ምን ያህል እንደቀረበው ለማወቅ። ባይጨምር ብሎ ተመኝቶም ያውቃል። ከቁጥሩ ጀርባ ሰው ይኖራል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም ነበር።

«ጉድለቴን አንብበውታል?»

«ርዕሱን ብቻ። ስለ ጳጉሜ ነው መሰለኝ።»

«ስለ ጳጉሜ ስድስት ነው» አለች የሻረግ። ጎኗን ሰጥታ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ከዚያ በኋላ ይመር የሚያየው የፊቷን ግማሽ ብቻ ነበር። «ደማቸው ውስጥ የሚጎድል ነገር ያለ ልጆች አሉ። በአገሩ ሁሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ሄደው ከሳጥኑ አንድ መርፌ ይወስዳሉ። ሳጥኑ ነው የሚቀምመው፤ ቀምሞ በወጣ በሁለት ሰዓት ይበላሻል። ለነገ ተብሎ አይቀመጥም። ሳጥኑ ደግሞ ከጳጉሜ አምስት ቀጥሎ የሚያውቀው መስከረም አንድን ነው። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ስድስተኛዋን ቀን አያውቃትም። የማያውቀው ቀን ሲሆን ለማንም አይሰጥም።»

«አንድ ቀን ብቻ?»

«አንድ ቀን ብቻ። ናታን የሚባል ልጅ ነበረኝ። የዛሬ አራት ዓመት ጳጉሜ አምስት ወሰደ። በማግስቱ ሐይቅ እንቢ ሲለን ደሴ ይዘነው ሄድን። ደሴም ያው ነው። ሐኪሟ በእጇ ልትከፍተው ሞከረች፤ በእጅ የሚከፈት ነገር የለውም። አመሻሽ ላይ አለፈ።»

ይመር «ያኔ ሰው እጁን አላነሳም?» አለ።

«አነሳ እንጂ። በአንድ ሳምንት ሰባ ሺህ። አንደኛ ነበርኩ። በአርባ ቀኑ ሥርዓቱ 'ጉድለቱ አሁንም አለ?' ብሎ ባለጉዳዩን ይጠይቃል። መልስ ከሌለ ይዘጋል። የልጄ አርባ ነበር፤ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ ማን ያየዋል? ተዘጋ። እንደገና ስጽፈው ሰው ረስቶታል። ቀኗም ያኔ ገና አራት ዓመት ይቀራት ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየዞርኩ ሠላሳ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰብስቤአለሁ። ፍኖት የምትባል ልጅ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእሱው ነው ያለባት።»

«ምን ላድርግልሽ?» አለ ይመር፣ ምን እንደምትለው እያወቀ።

«ጉድለትዎን ከዝርዝሩ ቢስቡት። እርስዎ ከሳቡት አሥረኛ እሆናለሁ። ዘጠኙን ሁሉ ለማነጋገር ሞክሬ ነበር። ያገኘሁት ማኅበር ነው፣ ኮሚቴ ነው። ሰው ያለው የእርስዎ ላይ ብቻ ነው።»

«ከሳብኩት ከዜሮ ነው የምጀምረው።»

«አውቃለሁ።»

አልለመነችውም፤ አላለቀሰችም። ይመር ብትለምነው ይሻለው ነበር። «እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ» አላት። እሺ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሊፍቱ ሄደች። ይመር መስኮቷን ከዘጋ በኋላም እዚያው ቆሞ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ለዘምዘም ደውሎ ነገራት።

«አባ፣ ያሳዝናል። በጣም ያሳዝናል። ግን በዚህ አገር ላይ ልብ ያለህ አንተ ብቻ ነህ? ያ ሁሉ ሕዝብ እያለ የአንዲት ልጅ ነገር አንተ ላይ ለምን ይወድቃል?»

«ደጄ ድረስ ስለመጣች።»

«እንግዲያው አውራላቸው። ነገ ጠዋት ስለ ክር ማውራቱን ተውና ስለ ልጅቷ አውራ። ይሰሙሃል። እጃቸውን ለሷ ያነሳሉ፤ ሁለታችሁም ትገባላችሁ።»

ይመርን ደስ አለው። ማንንም የማይጎዳ መንገድ ነበር። የዚያን ቀን መሳብ ይችል ነበር፤ አንድ ቃል መጻፍ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሳይስበው ዋለ፤ ሳይስበው አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ስለ ፍኖት አወራ። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ናታን፣ ስለ አርባው አወራ። ሰዎች ሰሙት፤ ብዙዎች አለቀሱ፤ እጃቸውንም አነሱ። ነገር ግን ከይመር ድምፅ ሥር ያለችው የእጅ ምልክት የይመር ናት። የነካት ሰው ሁሉ ለልጅቷ ያነሳ መሰለው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የይመር ጉድለት ሃምሳ ሺህ አለፈ። የየሻረግ አራት መቶ ብቻ ጨምሮ ነበር።

ይመር ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ጉድለቱን ለመሳብ ጻፈ። መልሱ ወዲያው መጣለት፦

«ይህ ጉድለት ከሃምሳ ሺህ በላይ እጅ ተነሥቶለታል። ስለሆነም የሕዝብ ነው፤ በግለሰብ ሊሳብ አይችልም። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

ቀትር ላይ ደግሞ አደባባዩ ላይ ወጥቶ ለመናቸው። «ለእኔ አይደለም፤ ከሥሬ ያለችውን ፈልጋችሁ ለእሷ አንሡ» አላቸው። አንዳንዶች ፈለጓት። ብዙዎቹ ግን «ለራሱ የማያስብ ሰው» ብለው ለእሱ አነሱለት። የበር ሰላምታ በአዲስ ዓመት ዜማ ይሁን ብለው እጅ ሲሰበስቡ የነበሩ ወጣቶችም ቦታቸው ሊወሰድ መሆኑን አይተው ወዳጆቻቸውን ጠሩ። ነሐሴ አሥራ አምስት ቆረጣው ሲዘጋ ይመር በስልሳ ሦስት ሺህ እጅ አራተኛ ነበር። ዜማው አሥረኛ ነበር። ጳጉሜ ስድስት በሠላሳ ስምንት ሺህ እጅ አሥራ አንደኛ ነበረች።

ለየሻረግ ደወለላት። «ዘገየሁ» አላት። «ሊሳብልኝ አልቻለም።»

«አየሁት» አለች። ከጀርባዋ አንዲት ልጅ ፊደል ጮክ ብላ ታነብ ነበር። «እሺ፣ ጋሼ» አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ ጠጋኟ መጣች። ሙሄ በሩን ከፍቶ አስገባትና ወደ ሥራው ሄደ። ረቂቅ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ደሴ ዳቦ ቤት እንደምትሠራ፣ ጥገናውን ከፈረቃዋ ቀጥሎ እንደምትይዘው ነገረችው። ጸጉሯ ላይ ዱቄት ነበር። ከቦርሳዋ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጥቁር ነገር አውጥታ በሩ ላይ ለጠፈች።

«ጆሮ ነው የምንላት» አለች። «የእርስዎ ነገር ቀላል ነው ጋሼ። ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ድምፅዎን ብቻ ነው የምፈልገው። በሩ ፊት ይቁሙና ስምዎን ሦስት ጊዜ ይበሉ።»

ግማሽ ቀን። አሥር ወር የተቀመጠው ለግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ይመር ተነሣ። ሊናገር ነበር፤ በኋላም ሲያስበው ያን ጊዜ ሊናገር እንደነበር አልካደም። በሩ ፊት ቆመ፤ ትንፋሹን ሳበ።

«በተቀዳ አይሆንም?» ብላ ስትጠብቅ የኖረችውን ጥያቄ ራሷ አነሳችና ራሷ መለሰች። «አይሆንም። ሁሉም ይጠይቀኛል። በሕይወት ካለው ሰው፣ በዚሁ በር ፊት የተወሰደ ናሙና መሆን አለበት። ያለዚያ ልነካው አልችልም።»

ይመር ትንፋሹን መለሰ። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ወረቀት ቀደደና ጻፈ። *ካልተናገርኩስ?*

ረቂቅ ወረቀቱን አየችው። ቀና ብላ እሱን አየችው። በሩ ላይ ያለችውን ጆሮ አየች። ከዚያ እንደሸመደደ ሰው ደንቡን አነበነበችለት፤ ድምፅዋን አልለወጠችም።

«ባለጉዳዩ እምቢ ካለ የሕዝብን ጉዳይ ማደናቀፍ ነው፤ እመዘግበዋለሁ፤ ሌላ ባለ ሹክሹክታ ይፈለግለታል። እምቢ ሳይል ድምፁ ካልመጣ ግን አሥር ቀን ይጠበቃል። በአሥር ቀን ውስጥ ጆሮዋ ከባለጉዳዩ አንድ ቃል ከሰማች ይበቃኛል። አንድም ካልሰማች 'ድምፅ አልተገኘም' ይባልና ወደ ጎን ይደረጋል። ከቆረጣው የቀረው ቀጣዩ ይገባል።»

ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። «ሕመምዎ ነው» አለች። «ይሻልዎታል። ነሐሴ ሃያ ስድስት እመለሳለሁ።»

በዚህ ዓይነት ይመር ዝም አለ።

መጀመሪያ ቀላል መስሎት ነበር። ድምፅ የሌለው ሰው ዝምታ ምን ይከብደዋል? ለካ ብቻውን ሲሆን ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ነው የሚውለው። ሻይ ሲፈላ ያወራል፤ ጫማ ሲፈልግ ያወራል፤ የሞተችውን ሚስቱን በስሟ ይጠራታል። ሦስት ጊዜ ቃሉ ጥርሱ ላይ ሲደርስ አፉን በመዳፉ ያዘ። እንቅልፍ ላይ ማውራቱን ያውቅ ስለነበር ፍራሹን መታጠቢያ ቤት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ አፉን በሻሽ አስሮ መተኛት ጀመረ። ሶላቱን በከንፈሩ ብቻ ሰገደ። የጠዋቱ ወሬ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሰዎች «ምን ሆነ?» ብለው ጻፉ፤ በአምስተኛው «ኮራ» አሉ፤ በሰባተኛው «አስነስቶን ጠፋ» አሉ።

ዓርብ ሙሄ ወሰደው። መንገድ ላይ ጠየቀው፤ ይመር ጉሮሮውን በጣቱ ነካ። ሙሄ «ጋሼ፣ ለእኔ እንኳ አንድ ቃል ይነፍጉኛል?» አለው። ይመር በሩ ላይ ያለችው ጆሮ እዚህ እንደማትሰማ ያውቃል። የመስጊዱ በር፣ የሊፍቱ በር፣ የአውቶቡሱ በር ይስሙ አይስሙ ግን አያውቅም። የሙሄን ክንድ ያዘና አንገቱን ነቀነቀ። ሙሄ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

በዘጠነኛው ቀን ዘምዘም ከሰመራ መጣች። ስልክ ስላላነሳላት ሞቶ አገኘዋለሁ ብላ ነበር። ስሟን ለበሩ ተናግራ ገባችና ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ስታየው ሻንጣዋን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አባ።»

ይመር ተነሥቶ ሊያቅፋት ሄደ። ተቀበለችው፤ ትከሻው ላይ አለቀሰች። «ምንድን ነው? ዕጢው ተመለሰ? ንገረኝ። ስሜን ጥራኝና ደህና መሆንህን ልወቅ።»

በሩ ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ይመር ከንፈሩን ነክሶ ወረቀቱን አነሳ። እየጻፈ ሁሉንም አስረዳት። ዘምዘም ቆማ አነበበች። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ እዚያ የተለጠፈችውን ጆሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

«የኔ ኒካህስ?» አለች። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው። «ያቺ ልጅ በልጅነቷ ትበልጠኝ ይሆናል። ግን እኔም ልጅህ ነኝ።»

ይመር እርሳሱን ያዘ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አሁን አንዴ ብትስል፣ አንዴ 'ወይ' ብትል ያበቃል። ባስቀስህ ያበቃል። ታውቃለህ?»

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ያውቃል። እሷም ስታስቀው ኖራለች፤ ከማንም በላይ ታውቅበታለች። አባትና ልጅ ተያዩ። ዘምዘም ቀድማ ዓይኗን ከእሱ አነሳች፤ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን አጠበች፤ ንጹሑንም ቆሻሻውንም። ተመልሳ መጥታ ከወረቀቱ ሥር ባዶውን ቦታ በጣቷ አሳየችው።

«ጻፍ» አለች። «አጎቴ እንዲድረኝ ወክለሃል ብለህ ጻፍ። ያለ ወኪል ኒካሁ አይታሰርም።»

ይመር ጻፈ። *እኔ ይመር አራጋው ልጄን ዘምዘም ይመርን እንዲድርልኝ ወንድሜን ሐሰን አራጋውን ወክያለሁ።* ስሟን ሲጽፍ እጁ ዘገየ። ዘምዘም ወረቀቱን ከመሃል ቀደደች፤ ውክልናውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የቀረውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። የመልስ አውቶቡሷ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ይዛ ነበር። ስትወጣ በሩ ስሟን ጠይቋት ተናገረች፤ ከፈተላት።

ነሐሴ ሃያ ስድስት ረቂቅ ተመልሳ መጣች፤ ሙሄ ከፈተላት። ጆሮዋን ከበሩ ላይ ነቅላ ወደ መሣሪያዋ አስጠጋቻት፤ አየችው። «ድምፅ አልተገኘም» አለች፤ ጻፈችው። ከዚያ ጆሮዋን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ፣ «የጳጉሜው አራት ቀን ይፈጃል። የቀረኝም አራት ቀን ነው» አለችው። እጇን ዘረጋችለት። ይመር ጨበጣት። እንድትሄድ በሩን ሊከፍትላት ስለማይችል፣ ጠጋኝ ለመውጣት ብቻ ስለሚፈቀድለት እሷው ስሟን ተናግራ ወጣች።

ይመር የዚያን ዕለት ለዘምዘም ደወለ። አላነሳችም። በማግስቱም አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን አነሳች። «ዘምዘም» አላት። «ሰማሁህ፣ አባ» አለች። ሌላ አላለችም፤ ግን ወዲያው አልዘጋችም፤ ሁለቱም መሥመሩን ይዘው ቆዩ።

ጉድለቱን እንደ አዲስ ጻፈው። እስከ ጳጉሜ አምስት ቀን ድረስ ሁለት እጅ ተነሣለት። አንዱ የሙሄ ነው፤ ሁሉ ነገር ከተነገረው በኋላ ያነሳው። ሌላውን አያውቀውም። ከጳጉሜ አንድ ቀን ጀምሮ የሕንፃው በሮች ሁሉ በአዲስ ዓመት ዜማ ሰላምታ ይሰጡ ነበር፤ ይመር ከውስጥ ሆኖ በየሰዓቱ ይሰማዋል። ጳጉሜ ስድስት ገና የሌሊቱ ጨለማ ሳይለቅ ነቅቶ ነበር። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልክ አልመጣለትም። ራሱ ሊደውል አነሳና አስቀመጠው። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ አቅርቦ ሳይቀምሰው አነሳው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የዕቃ መስኮቷ ተንኳኳች። ሲከፍታት አንዲት ቀጭን የልጅ ክንድ እስከ ክርኗ ድረስ ገባች። ከክርኗ በታች ትንሽ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ከጎኑ የደም ነጥብ ደርቋል።

«ይኸው» አለች የልጅ ድምፅ ከውጭ። «ዛሬ ጠዋት ነው የወጋኝ። ምንም አላመመኝም።»

ይመር ክንዷን በሁለት እጁ ያዘ። ሞቃት ነበረች። «አየሁት» አለ።

«እማዬ፣ ድምፃቸው እንደዚህ ነው እንዴ ሁልጊዜ?»

«ፍኖት» አለች የሻረግ። ከመስኮቷ ከፍታ በላይ ቆማ ስለነበር ይመር ፊቷን አያየውም፤ የነጠላዋን ጥለት ብቻ ነው የሚያየው። «ሳጥኑ በሰዓቱ ነው የከፈተልን፣ ጋሼ። በስልክ መንገሩ አልሆነልኝም። ለዚያ ነው የመጣነው።»

ልጅቷ ክንዷን አልሳበችም። «ታች ምግብ ቤት አለ» አለች። «ከእኛ ጋር ምሳ አይበሉም?»

ሙሄ ሥራ ላይ ነው፤ እስኪመሽ አይመጣም። የሻረግ ልጅቷን ለማስተው ጎንበስ ስትል ይመር ቀደማት።

«ዛሬ አይሆንልኝም፣ ልጄ። ሌላ ቀን።»

«መቼ?» አለች ፍኖት።

ይመር ክንዷን እንደያዘ፣ ቀን ሊነግራት ያስብ ጀመር።